በዋንጫው ዓመት የያዝኳቸው እግሮች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ክለቡ ጋቢ አለበሰኝና ማይክሮፎን አስጨበጠኝ። «እትዬ ይታይሽ፣ ሁለት ቃል ይበሉን» አሉኝ። እኔ ሰው እግሩን ሰጥቶኝ ከተቀመጠ አፌ አያርፍም፤ የዚያን ዕለት ግን ምላሴ ተሳሰረ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ እግራችሁን ጠብቁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ተጫዋቾቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ የክለቡ ሊቀመንበርም ትልቅ ንግግር እንደሰማ ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ።

ስለዚህ ያን ዕለት የዋጥኩትን አሁን ቁጭ ብዬ ልጽፈው ነው። በደብረ ማርቆስ የቅርጫት ኳስ ክለብ ውስጥ ወጌሻ ነበርኩ። የተሰበረ እጠግናለሁ፣ የወለቀ እመልሳለሁ፣ የዞረ ሥር አሻለሁ። በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ናት፤ ፊዚዮቴራፒስት ትባላለች። ማዕረጓን አጥርቼ ለመጥራት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። እሷ በረዶ በቦርሳ ይዛ ትዞራለች፤ እኔ የሞቀ ውሃ በፔርሙስ ይዤ እዞር ነበር። «እትዬ፣ እብጠት ላይ ወዲያው ሙቀት አይደረግም እኮ» ስትለኝ መጀመሪያ ተቆጣሁ። ኋላ መጽሐፏን ገልጣ አሳየችኝና አፌን ያዝኩ። ጎበዝ ልጅ ናት። እጇ ግን ይቀዘቅዛል፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

ሙያውን የተማርኩት ደምበጫ፣ ከእናቴ ወንድም ከአያ ታከለ ነው። በገበያ ቀን ደምበጫ ከሚወርደው ሰው ግማሹ እህል ሊሸጥ፣ የቀረው ለአያ ታከለ እግሩን ሊያሳይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ፈረስም ይመጣላቸዋል። እንዲያውም ፈረሱን ይመርጡ ነበር። «ፈረስ ያመመውን እግር አያሳርፍም፤ በቃ፣ ታይዋለሽ። ሰው ነው የሚያስቸግረው። ያመመውን ደብቆ ያላመመውን ይሰጥሻል» ይሉኛል።

ሥራ ሳይጀምሩ እጃቸውን በሞቀ ውሃ ይነክራሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍኑና ጤነኛውን እግር ይዳስሳሉ። በሽተኛው «ኧረ በዚያኛው ነው!» እያለ ይጮኻል፤ እሳቸው አይሰሙትም። የሰው ሁሉ አጥንት የተለያየ ነው፤ ደህናው እንዴት እንደሆነ ሳታውቂ የተበላሸውን በምን ታውቂዋለሽ፣ ነው ነገሩ። እኔን ግን ከሁሉ የሚያስቀኝ የመጎተቻቸው ዘዴ ነበር። አንድ ጊዜ ትከሻው የወለቀ ባላገር መጣ፤ ላብ በላብ ሆኗል። እጁን ያዝ አደረጉና፣ «እኔ እምለው፣ ሚስትህ አንተን ጥላ ልትመንን ነው የሚሉት እውነት ነው?» አሉት። «ማ! ማን ነው እንዲህ ያለው ው—» ሰውዬው ስድቡን ሳይጨርስ ትከሻው ቋ ብሎ ገባ። ሚስቲቱ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ የሳቀችውን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

አንድ ልማዳቸው ግን ያሳፍረኝ ነበር። ደጁ ሙሉ ሰው እያየ የያዙትን እግር ቀስ አድርገው ያስቀምጡና፣ «ይኸንን አላወቅሁትም። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ይላሉ። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ ስመ ጥር ወጌሻ አላወቅሁም ሲል ክብሩ መሬት የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። «እኔ ስሆን እንዲህ አልልም» ብዬ በሆዴ ምያለሁ። መሐላዬንም ጠብቄ ነበር፤ እሱን የመጠበቄን ያህል ዋጋ ያስከፈለኝ ነገር በሕይወቴ የለም።

የመጀመሪያ ቅጥሬ ጉንደ ወይን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳት ሠራተኝነት ነበር። አንድ የስፖርት መምህር ከብየዳ ቤት ሁለት የብረት ቀለበት አሠርቶ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሰቀለ። በሳምንቱ ሦስት ልጅ ቁርጭምጭሚቱን አዙሮ መጣልኝ። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» የሚለው ተረት ለቅርጫት ኳስ የተተረተ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። በእግር ኳስ ሰው ተጠልፎ ነው የሚጎዳው። በቅርጫት ኳስ ግን ተጫዋቹ ደህና አድርጎ ይዘልና ሲያርፍ የሌላ ሰው እግር ላይ ያርፋል። ጥፋተኛ የለበትም፤ እግሩ ግን ዞሯል። ያ መምህር ኋላ ደብረ ማርቆስ ክለቡ ሲቋቋም «አንዲት ሴትዮ አለች» ብሎ አስጠራኝ። ሥራ አስኪያጁ በመዝገባቸው «ወጌሻ» የሚባል መደብ ስላላገኙ «የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ» ብለው ቀጠሩኝ። ጡረታ የወጣሁትም በዚያው ስም ነው፤ ደብዳቤው ላይ የያዝኩት ኳስ እንጂ እግር አይደለም።

በክለቡ ውስጥ የራሴን መንገድ አበጀሁ። ሰኞ ሰኞ የተጫዋቾቹን ጫማ በመስመር ደርድሬ ሶላቸውን አያለሁ። የአንዱ ጫማ በአንድ ጎን ቶሎ ካለቀ ያ ልጅ የሚደብቀው ነገር አለ። ከጉዞ ስንመለስም ከሁሉ ቀድሜ ከአውቶቡስ እወርድና በሩ ላይ እቆማለሁ። ሰው ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ሲወርድ የሚያምነውን እግር ያስቀድማል። ማን የትኛውን እግር እንደሚያስቀድም በቃሌ አውቅ ነበር። «እትዬ እንደ ትኬት ቆራጭ በር ላይ ትቆማለች» ብለው ያሙኛል፤ ይሙኝ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ዘላለም የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ተጫዋች ነበረን። የማርቆስ ልጅ ነው፤ ቁመቱ መካከለኛ፣ ዝላዩ ግን ሰው አፉን ከፍቶ የሚያየው። አንድ ቅዳሜ ዘሎ ሲያርፍ የተጋጣሚ እግር ላይ አረፈ። ሮጬ ሄድኩና እግሩን ያዝኩ። በአውራ ጣቴ ጫን ስል ደረቅ ጨው በጣት ሲፈጭ እንደሚሰማው ያለች ትንሽ ነገር ተሰማችኝ። አንዴ ብቻ። አያ ታከለ ይህች ነገር ከተሰማችሽ እጅሽን አንሺ ብለውኛል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ናት። ዙሪያዬን ሳይ ግን ሕዝቡ ቆሟል፣ አሰልጣኙ ቆሟል፣ ሁሉም እኔን ያያል። ሥር ነው፣ ሥር ነው አልኩ ለራሴ።

«እትዬ፣ ሆስፒታል ልሂድ እንዴ?» አለኝ ዘላለም።

«ምን ልትሆን? እኔ ሞቻለሁ?» አልኩት። ዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀ፤ እሱም እያመመው ሳቀ።

አሸሁት፣ ጎተትኩት፣ አሰርኩት። ሁለት ጨዋታ ተጫወተበት። በሦስተኛው ሳምንት ልምምድ ላይ ወደቀና አልተነሣም። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያየው እኔም አጠገቡ ነበርኩ፤ አጥንቱ ተለያይቶ፣ ተጣሞ መግጠም ጀምሯል። ዘላለም ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አልዘለለም። በዓመቱ መጫወት አቆመና በክለቡ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ቀረ።

አልተጣላኝም። ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር። በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ እትዬ» ይለኛል፣ ዕቃ ሲከብደኝ ያግዘኛል፣ ለሠርጉም ጠርቶኛል። እግሩን ግን አያስነካኝም። ክረምት ሲገባ እንደሚያመው አያለሁ፤ ከፋርማሲ ቅባት ገዝቶ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ተደብቆ ራሱ ያሻል። እኔ ደግሞ በመስኮት እያየሁት ከንፈሬን ነክሼ ጫማ እቆጥራለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ዘላለም በተሰበረ ሰሞን ሥራውን ልተው ቆርጬ ደምበጫ ሄጄ ነበር። አያ ታከለ አርጅተዋል፤ ደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አጽናኑኝ ብዬ ነበር የሄድኩት።

«ስትይዥው ሰምተሽዋል?» አሉኝ።

«ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ?»

«ኧረ አያ፣ ማንን ዋሸሁ?»

«ጣትሽን ነዋ! ጣትሽ እውነቱን ሲነግርሽ ዝም በል አልሽው። ሰው እያየሽ አፈርሽ። እኔ ስንት ዘመን ሙሉ በሰው ፊት አላወቅሁም ስል አንች የት ነበርሽ?»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። «በይ እንግዲህ ምሳ ብይና ተመለሽ። ሌላ እግር እየጠበቀሽ ነው» አሉኝ። እንደታዘዝኩት በልቼ ተመለስኩ። እሳቸው በዓመቱ ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ ወደ ዋንጫው ዓመት ልምጣ፤ እጄ እስኪደርስበት ሲቸኩል ነበር።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለ እኛ የሚያወራ ሁሉ «እነዚህ ወራጅ ናቸው» ይል ነበር። አዲስ አሰልጣኝ መጣልን፤ ፍጹም ይባላል፣ የሐዋሳ ልጅ ነው። የማርቆስ ብርድ እስኪለምደው ድረስ ጃኬት ላይ ጃኬት ደርቦ ያሠለጥን ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፍን። ሦስተኛውን አሸነፍን፤ አራተኛውንም። ከዚያ በኋላ ምን እንደነካን አላውቅም፤ ልጆቹ ሜዳ ሲገቡ እየሳቁ፣ ሲወጡም እየሳቁ ሆነ። ባዶ የነበረው ሜዳ ዳር ሰው ይሞላ ጀመር። ጨዋታው የማይገባው ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቃል። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ያ ልጅ ኳሱን ለምን መሬት መሬት ይመታዋል? ምን አደረገው?» አሉኝ። ይዞ መሮጥ ክልክል መሆኑን ሳስረዳቸው አሰብ አደረጉና፣ «ደህና ሕግ ነው፤ ስግብግብነትን ይከለክላል» አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድም ጨዋታ አላመለጣቸውም።

ሁዳዴ ሲገባ ጉድ ፈላ። ልጆቹ ይጾማሉ፤ ጨዋታው ደግሞ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፍጹም «ውሃ እንኳ ጠጡ» ብሎ ቢለምን ማን ሰምቶት። በመጨረሻ ልምምዱን ከጾም መፍቻ በኋላ አደረገው። የእኔ ችግር ሌላ ነበር። እኔ የማሸው በለጋ ቅቤ ነው። ካፒቴናችን አንዳርጌ፣ ከሁሉም ረጅሙ፣ አንድ ቀን እግሩን ከእጄ መንጭቆ ወሰደና፣ «እትዬ፣ አልቻልኩም። ሽታው ጾሜን ሊያስገድፈኝ ነው» አለኝ። ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ እግራቸውን ሳሽ የቅቤው ሽታ ሆዳቸውን ሲያላውሰው ነበር። እሺ ብዬ ወደ ኑግ ዘይት ዞርኩ። በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሱ ከሰው እጅ እየሾለከ አስቸገረ። ዳኛው ኳሱን ተቀብሎ አየው፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተውና፣ «ይኼ ኳስ ወጥ ውስጥ ነበር እንዴ?» አለ። ከእግር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ኳስ ሄዶ ነው። ፍጹም ዘይቱን በፎጣ እስኪደርቅ ድረስ እንዳስጠርግ አስማለኝ። ያን ጨዋታም አሸነፍን፤ የተጋጣሚዎቻችን እጅ ከእኛ ይልቅ ሳይሾልክበት አልቀረም።

እንዲህ እያልን ግንቦት መጨረሻ ደረስን። አንድ ጨዋታ ቀረ። እኛና አንድ የአዲስ አበባ ክለብ በነጥብ እኩል ነን፤ የመጨረሻውን የምንጋጠመውም እርስ በርሳችን፣ እሑድ፣ በእኛው ሜዳ ነው። ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል።

ቅዳሜ፣ ዓርብ አዲስ አበባ ላይ ከሌላ ክለብ ጋር ተጫውተን ስንመለስ፣ ሉማሜ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። እንደ ልማዴ ቀድሜ ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዱ ወረደ፣ ሌላው ወረደ። አንዳርጌ ሁልጊዜ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቀኝ እግሩን ያስቀድማል። የዚያን ቀን የበሩን ብረት ጨበጠና ግራውን አስቀደመ።

«ቀኝ እግርህ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም። መቀመጫው አደንዝዞት ነው።»

«የደነዘዘ እግር ይራገፋል እንጂ አይደበቅም። ና ቁጭ በል።»

ሻይ ቤቷ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከባለቤቷ የሞቀ ውሃ ለምኜ እጄን ነከርኩ። ግራ እግሩን ዳሰስኩ፣ ከዚያ ቀኙን። ከትንሿ ጣት ወረድ ብሎ በውጪ በኩል ጫን ስል የአንዳርጌ ጣቶች ተጨማደዱ። የት እንዳረፈበትም አልደበቀኝም፤ በዓርቡ ጨዋታ የአንድ ሰው ጫማ ላይ ነው።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨው አለ ወይስ የለም? ደግሜ ጫንኩ። እውነቱን ልናገር፤ አውራ ጣቴ በዚያ ዓመት እየደነዘዘ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ለመቆለፍ ያስቸግረኝ ጀምሯል። የሰማ ይመስለኛል፤ ደግሞ ያልሰማ ይመስለኛል። ዓይኔን ስገልጥ ቡድኑ ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ዙሪያዬን ቆሟል።

«ታዲያስ?» አለ ሊቀመንበሩ። «ወለምታ ነው አይደል?»

«አላወቅሁም» አልኩ።

ሊቀመንበሩ የሰማውን ማመን አቃተው። «እንዴት አላወቅሁም ይላሉ እትዬ? ነገ እኮ ዋንጫ ነው! በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው አይደሉም እንዴ?»

«አርጅቻለሁ። ራጅ ሳይነሣ ግን አይጫወትም።»

አንዳርጌ እጄን ያዘኝ። «እትዬ፣ በእግዜር፣ ጎትተው ይልቀቁኝ። ስምንት ዓመት የለፋሁት ለነገ እኮ ነው። ቢሰበርም የእኔ እግር ነው።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ልጎትተው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እጄ እግሩ ላይ ነው።

ፍጹም ግን፣ «እሷ ካላወቀች እኔም አላውቅም። ራጅ ይነሣ» አለ። ሊቀመንበሩ በቁጣ ወጥቶ ሄደ። ከወዲያኛው ጥግ ዘላለም ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ጠዋት እኔ እወስደዋለሁ» አለ። ወደ እኔ አላየም።

እሑድ ጠዋት ሆስፒታል ሲደርሱ መብራት ጠፍቷል። ያለው ጄኔሬተር ለቀዶ ጥገናው ክፍል ነው፤ የራጅ መሣሪያው መብራቱን ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩ። «መብራት?» አልኩ። «የለም» አለኝ ዘላለም። አምስት ሰዓት ላይ፣ «የለም።» ስምንት ሰዓት ላይ ስደውል ገና አሎ ሳልል «የለም እትዬ» አለኝ። ሜዳው ዳር ሰው ዛፍ ላይ ሳይቀር ወጥቷል። እኔ የሌሎቹን ቁርጭምጭሚት አስራለሁ።

ጨዋታው ያለ አንዳርጌ ተጀመረ። የአዲስ አበባዎቹ ረጃጅሞች ናቸው። ከቅርጫቱ ሥር የሚገጥማቸው ስለሌለ ኳሱን እንደ ቆሎ ይለቅሙት ጀመር። ግማሹ ሲጠናቀቅ በአሥራ አንድ ነጥብ ተመርተናል። አንዳርጌ የት እንዳለና ማን እንደላከው ወሬው ሜዳውን ዞረ። «ወጌሻዋ ናት የጨረሰችን!» አለ አንዱ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ፣ «ምነው እናቴ፣ ዕድሜ ልክሽን ስትጎትች ኖረሽ ዛሬ ነው ራጅ የታወሰሽ?» አለችኝ። ፈርቻለሁ። ምንም ባይኖርበትስ? ዋንጫውን ከእነዚህ ልጆች እጅ የነጠቅኩ እኔ ነኝ። ቢኖርበትስ? እንዲያም ሆኖ እስኪታወቅ ድረስ ማንም አያምነኝም። ስልኬን አወጣሁና ለመደወል አልደፈርኩም።

ሦስተኛው ሩብ ሊያልቅ ሲል ከበሩ በኩል የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። ሰው ግራና ቀኝ ተከፈለ። ሰማያዊ ባጃጅ ሜዳው ዳር ድረስ ገባች። አንዳርጌ ከኋላ ታጥፎ ተቀምጧል፤ አንዱ ጉልበቱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ወጥቷል። ዘላለም ከሾፌሩ ጎን በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ በሌላው ጥቁሩን የራጅ ፊልም እያውለበለበ ይጮኻል፤ «ንጹሕ ነው! ምንም የለበትም! ንጹሕ ነው!»

ሜዳው ተናጋ። የሰደበችኝ ሴትዮ ከሁሉ ቀድማ እልል አለች።

አንዳርጌ ከባጃጇ ወረደ። መብራቱ የመጣው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው። ሥሩ ብቻ ነው የተጎዳው፤ ሐኪሙ «ጥሩ አድርጋችሁ ካሰራችሁት ይጫወት» ብሏል። እኔም አሰርኩት፤ በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ወደ ላይ፣ ከተረከዙ ሥር ወደ ታች፣ ደግሜ ወደ ላይ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ እስራት አስሬ አላውቅም። «በል ሂድ፤ ስታርፍ ብቻ እያየህ ዕረፍ» አልኩት።

አንዳርጌ ሲገባ አብዛኛውን ነጥብ ያስቆጠረው እሱ አልነበረም። ሦስት ሰው እሱን ሊጠብቅ ይሰበሰባል፤ እሱ ኳሱን ይዞ ቅርጫቱን እያየ ለሌላው ያቀብላል። ልዩነቱ ስምንት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ አንድ ሆነ። ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ኳሱ በአንዳርጌ እጅ ነበር፤ አራት ሰው ዘለለበት። በብብታቸው ሥር አሳልፎ ከቡድኑ ሁሉ አጭር ለሆነው ልጅ ሰጠው። ያ አጭር ብቻውን ቆሞ፣ እንደ ልምምድ ቀን ዘና ብሎ ወረወራት። ኳሷ ቀለበቱን ዞረች፣ ደግማ ዞረችና ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። ሽማግሌው ዱላቸውን ጥለው ዳኛውን አቅፈው አየሁ። የማርቆስ ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል። ሊቀመንበሩ መጣና ከመሬት አንሥቶ አሽከረከረኝ፤ እኔ ደግሞ ቀላል ሴት አይደለሁም። «ምንም ከሌለበት ታዲያ ለምን ልባችንን ሰቀሉት?» ይለኛል እየሳቀ። «ምንም እንደሌለበት በምን ልወቅ?» እላለሁ፤ «አውርደኝ፣ ወገብህ ቢቀጭ የማሽህ እኔ ነኝ!» አንዳርጌ ዋንጫውን አንገቴ ሥር ሻጠብኝና ፎቶ ተነሣን። ፎቶው ላይ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቷል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጆቹን ሕዝቡ ይዟቸው ወደ ከተማ ወጣ። እኔ ግምጃ ቤት ገብቼ ፋሻ እጠቀልላለሁ። ዘላለም ገባና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ሆስፒታል ተቀምጠን አንዳርጌ ጠየቀኝ» አለ። «‹አንተን ያን ጊዜ ለምን ራጅ አላስነሣችህም?› አለኝ።»

ፋሻው ከእጄ ወደቀ። «ምን አልከው?»

«‹ያን ጊዜ የምታውቅ መስሏት ነበር› አልኩት።»

ለስድስት ዓመት በየጠዋቱ ልናገር አስቤ የዋጥኩትን ነገር አወጣሁት። «አይደለም» አልኩት። «አልመሰለኝም፤ ሰምቼ ነበር። እግርህን ስይዘው አጥንቱ እንደተሰነጠቀ ጣቴ ነግሮኝ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ አፈርኩና ዝም አልኩ። ሆስፒታል ልሂድ ስትለኝም አሾፍኩብህ። በድዬሃለሁ ዘላለም። ይቅር በለኝ።» እንባዬ ወረደ፤ አልጠረግኩትም።

ዘላለም ጫማውን አየ። ክሩን ፈታ። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን ጠቅልሎ ጫማው ውስጥ ከተተና እግሩን አንሥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

«ዝናብ ሲመጣ ያመኛል» አለ።

«የት ጋ?»

ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘና ጣቴን ቦታው ላይ አሳረፈው። «እዚህ ጋ» አለኝ።